የአቶ ኪዳነማርያም ኤሊ

አቶ ኪዳነማርያም ለንደን ውስጥ ሥራ ያልያዙት ሥራ ጠፍቶ አልነበረም። ለእሳቸው የሚመጥን ሥራ እንግሊዝ አገር ገና ስላልፈጠረ ነው። አዲስ አበባ ሳሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ምክትል መምሪያ ኃላፊ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ለሥልጠና ተልከው መጡ፤ ሥልጠናው ሲያልቅ መመለሱን ትተው እዚሁ ቀሩ። ሥራ ፈላጊ የሚመዘገብበት የጆብ ሴንተር ሠራተኛዋ ልጅ የጽዳት ሥራ ስታሳያቸው፣ «የኔ እመቤት፣ እኔ እኮ ሰው የማስተዳድር ሰው ነበርኩ» ይሏታል። ልጅቷም በአክብሮት ሰምታ ስታበቃ የሳህን አጠባ ሥራ ታሳያቸዋለች። ሁለቱ በዚህ ዓይነት ሲከባበሩ ዓመታት አለፉ።

ደርግ ሲወድቅ ደግሞ የበለጠ ጠንካራ ምክንያት ተገኘ። «አዲሱ መንግሥት የተማረ ሰው ያስፈልገዋል፤ አንድ ቀን መደወላቸው አይቀርም» አሉና ስልኩ አጠገብ ወንበራቸውን ተከሉ። የደወለው ግን መስኮትዎን በአዲስ እንቀይርልዎ የሚል ሻጭ ብቻ ነበር። እሱም እያደር ተስፋ ቆረጠ።

ቤቱን ደግፋ የያዘችው ሚስታቸው አልታየሽ ናት። ክላፋም በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ጠዋት ሼፈርድስ ቡሽ ወዳለው ፍላታቸው ስትመለስ ባለቤቷ ቁርስ እየጠበቁ ታገኛቸዋለች። ቁርስ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ፣ ምሳ አዘጋጅታ ትተኛለች ይባላል። ስትተኛ አይቻለሁ የሚል ሰው ግን እኔ አላውቅም። አቶ ኪዳነማርያም ቀን ቀን ሬዲዮ የሚያዳምጡት ጎረቤትም እንዲጠቀም በሚል ድምፅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ 1995 ሰመር ላይ ነው። የጆብ ሴንተሯ ልጅ በመጨረሻ፣ «ሥራው ካልተስማማዎ እንግዲያው ይማሩ» ብላ ለእንግሊዝኛ ኮርስ ኮሌጅ ላከቻቸው። አስተማሪዋ አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቿን ወደ ባሕር ዳርቻ ልትወስድ ሆነ። ባሕር ሲባል ተማሪው ሁሉ ነጭ አሸዋ አስቦ ፎጣና ጥቁር መነጽር ይዞ መጣ። አቶ ኪዳነማርያም ብቻ እንደ ልማዳቸው ሙሉ ልብስና ከረባት አድርገው መጡ። አስተማሪዋ የወሰደቻቸው ቴምዝ ወንዝ ባሕር ከሚቀላቀልበት አፍ ላይ ወዳለች፣ ሼፒ ወደምትባል ደሴት ነበር። እዚያ ነጭ አሸዋ የለም። ውኃው ሲጎድል ከታች ግራጫ ጭቃ ይታያል፤ ከጭቃው በላይ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየተናደ የሚወርድ ግራጫ ገደል አለ፤ ከገደሉ በላይ ያው የእንግሊዝ ሰማይ ነው።

ተማሪው ፎጣውን ታቅፎ ሲያጉረመርም፣ አቶ ኪዳነማርያም የጫማቸውን ክር ሊያስሩ ጎንበስ አሉ። ጠጠሩ መካከል አንድ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነገር አዩ። አንሥተው ለአስተማሪዋ አሳዩአት።

«ዌል ዳን!» አለች ሴትዮዋ፤ ጎበዝ ማለቷ ነው። «የሻርክ ጥርስ ነው። ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል።»

ከዚያም ለሁሉም አስረዳች። ገደሉ በጥንት ዘመን የባሕር ወለል ነበር። በዚያ ባሕር ውስጥ የሞተው ሁሉ፣ ዓሣውም ሸርጣኑም ኤሊውም፣ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ድንጋይ ሆነ። ገደሉ ሲናድ ውኃው ጭቃውን ያጥበውና ቅሪተ አካሉ ዳርቻው ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። አቶ ኪዳነማርያም ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ የሰሙት ሁለት ቃል ነው። ለንደን ከገቡ ጀምሮ «ዌል ዳን» ያላቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ በእነዚያ ሁለት ቃላት የመጣ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን የሚጠብቅ ሰው ጠፋ። አቶ ኪዳነማርያም በየሳምንቱ ከቪክቶሪያ ባቡር ይዘው ሼፒ ይወርዳሉ። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ከታች የጎማ ቦት። ውኃው የሚጎድልበትንና የሚሞላበትን ሰዓት እንደ ዳዊት በቃላቸው ያዙት። ማታ ጭቃ የሞላ ከረጢት ተሸክመው ይመለሱና መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ከሁለት ወር በኋላ የገንዳው ቧንቧ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በሆነው ጭቃ ተደፈነ።

«ኪዳኔ፣ እኔ የት ልታጠብ?» አለች አልታየሽ አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ገብታ።

«ትንሽ ታገሺ። የጥናት ሥራ ነው።»

«ጥናቱ ሻወር አይወስድም?»

አልሰሟትም። የውኃ ማሞቂያው ያለበትን ቁም ሳጥን ከፍተው አንሶላና ፎጣዋን እያወጡ አልጋው ላይ ይከምሩ ነበር። ሙቅ ነው፣ ለማድረቂያ ይሆናል ብለው መደርደሪያውን በሙሉ ለድንጋዮቻቸው ሰጡት። ስሙንም «ቤተ መዘክር» አሉት። እንግዳ ሲመጣ ከሻይ በፊት ያስጎበኛሉ። ከሻይ በኋላም የሚደግሙበት ጊዜ ነበር።

ለእንግዳ ብቻ ቢሆን በታደልን። ለቅሶ ቤትም፣ ልደትም፣ ክርስትናም ከኪሳቸው ጥርስ ያወጡ ጀመር። ሃርልስደን ሰፈር በአንድ ሕፃን ክርስትና ላይ፣ የብዙዎቻችን የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ ጥርሱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ስንት ዓመቱ ነው አልከኝ ልጄ?»

«ሃምሳ ሚሊዮን፣ አባ።»

አባ በጣታቸው ቆጠሩ። «ከአዳም እስከ ዛሬ ሰባት ሺህ ከምናምን ነው። የቀረውን ከየት አመጣኸው?»

«ጭቃው ውስጥ ነበር፣ አባ።»

በዚህ መልስ አባ እንኳ ፈገግ ብለው አለፉ። አምርሮ የተቆጣው የለንደን ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሊቀ መንበር ብዙነህ ነው። ብዙነህ ሳሎኑ ውስጥ የድንቅነሽን አጽም ፎቶ በፍሬም ሰቅሎ፣ ለመጣ እንግሊዝ ሁሉ የሰው ዘር ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ከእኛ አገር መነሣቱን የሚያስረዳ ሰው ነበር። ይህን ብናስታውሰው፣ «የእኛ ሌላ ነው» አለ። «የእኛ በጥናት የተረጋገጠ ነው።»

የገና በዓል ካለፈ በኋላ ከባድ ዝናብና ነፋስ ጣለ፤ ገደሉም ክፉኛ ተናደ። አቶ ኪዳነማርያም በማግስቱ ወርደው የኤሊ ራስ ይዘው ተመለሱ። ድንቅ ነገር ነበር፤ ያየሁትን አልክድም። ብርቱካን ያህላል። የዓይኑ ጉድጓዶች፣ መንጋጋው፣ ሁሉም ሳይሰበር አለ። ወርቅ የሚመስል ማዕድን አጥንቱን ሞልቶት ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። አስተማሪያቸው ስታየው ለሙዚየም ባለሙያዎች ቢያሳዩት ጥሩ እንደሆነ ነገረቻቸው።

«ለእንግሊዝ ሙዚየም?» አሉን ያን ዕለት ማታ በንዴት። «ከመቅደላ የወሰዱት አይበቃቸውም?»

ኤሊው ሼፒ ያለችበት የኬንት አውራጃ ተወላጅ መሆኑን ያነሣባቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም። ባለሙያዎቹ ጋ ቢሄዱ ኖሮ ግን እንዲህ ያለው ወርቅ መሳይ ነገር እርጥበት እንደማይወድ በአንድ አፍታ ይነግሯቸው ነበር። አቶ ኪዳነማርያም በራሳቸው ዕውቀት ተመርተው ኤሊውን ያንኑ ቁም ሳጥን አስገቡት፤ የታጠበ ልብስ ከሚሰጣበት ሽቦ ሥር። እንዳይጫጫርም የአልታየሽን ነጠላ አውጥተው ጠቀለሉበት። ነጠላው እናቷ ከጎንደር አስፈትላ፣ አሸምና፣ በሰው እጅ የላከችላት፣ ለፋሲካ ብቻ የምትለብሰው ነው። አላስፈቀዷትም። ለምን ያስፈቅዱ? የጥናት ሥራ ነው።

ብዙነህ እያጉረመረመም ቢሆን የማኅበሩን አዳራሽ ፈቀደ። ኤሊው በዐቢይ ጾም መካከል አንድ ቅዳሜ ለሕዝብ ሊታይ ተወሰነ። አዳራሹ ሞላ። የሞላው ለኤሊው ነው ወይስ ለጾም ሳምቡሳው የሚለውን ወደፊት ጥናት ያረጋግጠው። እኔ ለስላሳ የምቀዳው ነበርኩ። አባም መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አልታየሽ ከሌሊት ሥራ ወጥታ ሳትተኛ መጥታ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

አቶ ኪዳነማርያም ስለ ዓለም አፈጣጠር፣ ስለ መሥሪያ ቤታቸውና ስለ ተማረ ሰው አለመከበር ረጅም ንግግር አደረጉ። ሳምቡሳው አልቆ ሰው መነቃነቅ ሲጀምር፣ ጠረጴዛው ላይ ወደተቀመጠው ጥቅልል ዞሩ።

«እነሆ!» አሉና ነጠላውን ሳቡት።

ነጠላው ተቀድዶ ግማሹ እጃቸው ላይ ቀረ። እንደገና ሳቡ፤ ሌላ ቁራጭ መጣ። ጨርቁ በየቦታው ቢጫ ሆኖ ተበሳስቷል፤ ማዕድኑ እርጥበት ጠጥቶ አሲድ አውጥቶ በልቶታል። ከሥሩ የወጣው ኤሊ አልነበረም። አንድ ቁና የማይሞላ ግራጫ አመድ፣ መሐሉ ላይ ጥቂት ስባሪ አጥንት። ወዲያው ከፊት ወንበር ጀምሮ እስከ እኔ ድረስ የድኝ ሽታ አዳረሰን።

አባ ተነሥተው አማተቡና አንድ ወንበር ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። አንዱ መስኮት ከፈተ።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ይሄ ምንድነው?» አለ ብዙነህ።

«ኤሊ» አሉ አቶ ኪዳነማርያም። «ኤሊ ነበረ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ያልሳቀ አልነበረም፤ ሁላችንም ሳቅን። ያልሳቀችው አልታየሽ ናት። በሰው መሐል አልፋ መጣች፤ የነጠላዋን ቁርጥራጭ ከጠረጴዛውም ከባሏም እጅ ሰበሰበች፣ አንድ ባንድ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ከዚያ ወደ አውቶቡሷ ወጣች።

አቶ ኪዳነማርያም ጋቢ ተከናንበው ተኙ። በሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ኤሊው ከእሳቸው በፊት ወሬ ሆኖ ስለነበር ከቤት መውጣት አልቻሉም። ሬዲዮውም ዝም አለ። አልታየሽ ለሦስት ሳምንት ምግባቸውን አስቀምጣላቸው ትሄዳለች፤ አንድም ቃል አይወጣትም። በመጨረሻ የዕረፍት ቀኗ በደረሰ ዕለት ጋቢውን ገፈፈቻቸው።

«ተነሣ።»

«ወዴት?»

«ነጠላዬን የበላውን አገር አሳየኝ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ከፊሉን አልታየሽ፣ ከፊሉን እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው በመስኮት እያዩ ሄዱ። ዳርቻው ሲደርሱ ውኃው ሩቅ ሄዶ ነበር። ፀሐይም፣ በአገሩ ደንብ መሠረት ለጥቂት ጊዜ፣ ወጥታለች። አቶ ኪዳነማርያም ጥርስ እንዴት እንደሚፈለግ ሊያስተምሯት አፋቸውን ከመክፈታቸው እሷ ገደሉ ሥር የደረቀ ጠጠር አይታ ቁጭ ብላለች።

«ሰው የለም እዚህ?» አለች።

«የለም።»

«ደወልም የለም?»

«የምን ደወል?»

«አሮጊቶቹ ሲፈልጉኝ የሚደውሉት።» ቦርሳዋን ተንተርሳ በጎኗ ተጋደመች። «ውኃው ሲመለስ ቀስቅሰኝ።»

እሳቸው ከረጢታቸውን ይዘው ወደ ዳርቻው ወረዱ። ዕድል ካልፈለጓት ትመጣለች፤ ያን ቀን ጥርሱ ያለ ልክ ነበር። የሸርጣን ጀርባ አገኙ፣ የዓሣ አከርካሪ አገኙ፣ ከረጢቱ ሞላ። ለማሳየት ወደ አልታየሽ ሲመለሱ ግን እሷ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ነፋስ ነበርና ኮታቸውን አውልቀው አለበሷት። ያኔ እጇን አዩት። በመጦሪያው ሳሙናና መድኃኒት የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቋል። ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ነጭ ሆኗል። አቶ ኪዳነማርያም የሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ጥርስ ጠጠር መሐል ለይተው የሚያዩ ሰው፣ አብሯቸው የኖረውን ሽበት ያዩት ያን ዕለት ነው። «መቼ እንዲህ ሆነች ብዬ አሰብኩ» አሉኝ። «ማንን ልጠይቅ? የነበርኩት እኔ ነኝ።»

አጠገቧ ተቀመጡ። ውኃው መመለስ ጀመረ። ሰዓቱን ያውቁታል፤ ከሁሉ ነገር እሱን ያውቁታል። ትንሽ ትተኛ ብለው ተዉአት። ውኃው ጠጠሩን ሲነካ አሁንም ትንሽ አሉ። ወደ መውጫው ለመሄድ አንድ የገደል አፍንጫ መዞር አለባቸው፤ ማዕበሉ ያን አፍንጫ ሲመታ አዩና ጮኹ።

«አልታየሽ! ተነሽ!»

ብድግ አለች። እግሯ ሥር ውኃ ነበር።

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ተኝተሽ ነበር።»

«እኮ! የተኛ ሰው ነዋ የሚቀሰቀሰው!»

በአፍንጫው መዞር ስላልተቻለ በተናደው ጭቃ ላይ ተሻገሩ። ጥቂት እንደሄዱ አልታየሽ እስከ ጉልበቷ ሰጠመች። እግሯን ልታወጣ ስትታገል እስከ ጭኗ ገባች። ውኃው ከኋላዋ እየመጣ ነው። አቶ ኪዳነማርያም አንድ እጃቸው ከረጢቱን እንደያዘ በሌላው ሊጎትቷት ሞከሩ፤ ንቅንቅ አላለችም።

«ኪዳኔ፣ ድንጋይህን ጣለው!»

ወረወሩት። ከረጢቱ ተንከባልሎ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ዞር ብለውም አላዩትም። ከነሸሚዛቸው፣ ከነከረባታቸው ጭቃው ላይ በደረታቸው ተዘርግተው ሁለት ክንዷን ያዙ። ሥራ እየናቁ ሲጠብቁት የኖሩት ክብር ያን ጊዜ አገጩ ድረስ ጭቃ ውስጥ ነበር። ሳቡ፤ አልሆነም። «ተኚ፣ በሆድሽ ተኚ!» አሉ፤ ተኛች። እንደገና ሳቡ። ጭቃው አንድ አስቀያሚ ድምፅ አሰምቶ ለቀቃት፤ አንዱን ቦቲ ጫማዋን ግን አስቀረ። እየዳኹ ሣር ያለበት ደረሱና በጀርባቸው ወደቁ።

ከዚያ አልታየሽ መሳቅ ጀመረች። አዳራሹ ውስጥ ያልሳቀችውን ጭምር ነው መሰለኝ፤ እንባዋ ጭቃው ላይ መስመር ሠራ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ከረባትህ» አለች። «አሁንም አልፈታኸውም።»

ወደ ለንደን ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ማንም አጠገባቸው አልተቀመጠም፤ ግማሽ ፉርጎ የግላቸው ሆነ። አልታየሽ አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ ትከሻቸው ላይ ተኝታ ቪክቶሪያ ደረሰች። እሳቸው ትከሻቸው ቢደነዝዝም አልተነቃነቁም።

በማግስቱ አቶ ኪዳነማርያም ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርገው፣ አጥበው፣ አንሶላዋን መልሰው ደረደሩ። ነጠላው ግን አልተመለሰም። አንድ ሌላ ከገበያ ገዝተው አመጡላት፤ የማሽን ሥራ፣ ቻይና የተሠራ። አልታየሽ አመስግና ተቀበለች፤ አንድም ቀን ለብሳው አላየናትም።

በዚያው ሳምንት ጆብ ሴንተር ሄደው ማንኛውም ሥራ እንደሚስማማቸው ተናገሩ። ልጅቷ ታመሙ እንዴ ብላ ደንግጣ ነበር ይባላል። ከመስከረም ጀምሮ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ተማሪዎችን መንገድ የሚያሻግሩ ሠራተኛ ሆኑ። ረጅም ቢጫ ካፖርት ከረባታቸው ላይ ደርበው፣ ክብ ምልክት ያለበት ዘንግ ይዘው ጠዋትና ማታ አስፋልት መሐል ይቆማሉ። እኛ እንደ ልማዳችን ሰውየው ተዋረዱ ብለን ከንፈር ልንመጥ ሄደን አየናቸው። ዘንጉን ሲያነሡ መኪናው ሁሉ ይቆማል። ቀይ አውቶቡስም ቆመ። ባለመርሴዲስም ቆመ። እንዲህ ያለ ሥልጣን በአዲስ አበባው መሥሪያ ቤትም አላገኙም።

አልታየሽ የሌሊቱን ትታ የቀን ፈረቃ አገኘች። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንዴ ሼፒ ይወርዳሉ፤ እሷ ትተኛለች፣ እሳቸው ይለቅማሉ፣ ውኃው ገና ሩቅ ሳለም ይቀሰቅሷታል።

እኛም ከድንጋይ ወሬ አረፍን ብለን ነበር። ባለፈው እሑድ ልደት ቤት አቶ ኪዳነማርያም አጠገብ ተቀመጥኩ። ኬኩ እስኪቆረስ የለንደን ሹፌሮች ለምን ፍሬን እንደማይዙ አስረዱኝ፤ ተቆርሶ ከተበላ በኋላም አልጨረሱም።